ባትላሜራ ለሴት ልጆቻችን፦ መዶሻው ከመነሳቱ በፊት ውሉ ይጻፍ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሂሳብ ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

 

የሂሳብ ሠራተኛ ወደ መድረክ ስትወጣ ሁላችሁም ስላልተመለሰ ብድር ልትናገር ነው ብላችሁ ትሰጋላችሁ። ዛሬ አትስጉ፤ የምናገረው ስለ ጋራዥ ነው። በዚህ ዓመት ሦስት እናቶች ለብድር ኮሚቴያችን ማመልከቻ አስገብተዋል። “ብድሩ ለምን ሥራ ይውላል?” በሚለው መስመር ላይ ሦስቱም የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፦ “ልጄ ጋራዥ ገብታ ባትላሜራና ቀለም እንድትማርበት።” ኮሚቴው እንደ ሽንኩርት ንግድ ወይም እንደ በግ ማድለብ ሊመዝነው አልቻለምና “አንቺ አጥኚው” ብሎ ለእኔ መራው።

እኔም በሶዶ የሚገኙ ጋራዦችን ተዘዋውሬ አየሁ፣ ባለሙያዎችን ጠየቅሁ፣ ሕጉን አነበብኩ፣ ወጪና ገቢውን ጻፍኩ። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ሙያው ጥሩ ሙያ ነው፤ ልጆቻችን ይግቡበት። ነገር ግን የጽሑፍ ውል ሳይኖር አንዲትም ልጅ በማኅበራችን ገንዘብ ጋራዥ መግባት የለባትም። የሚቀጥለው ንግግሬ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

ባትላሜራ የሚለውን ቃል ሁላችንም እንሰማለን። እንደ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ እና ጎሚስታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። መኪና ከመኪና ሲጋጭ፣ ከግንብ ሲላተም፣ ወይም ሲገለበጥ ሞተሩን የሚያየው መካኒክ ነው። የተጨማደደውን አካል ወደ ቦታው የሚመልሰው ደግሞ ባትላሜራና ቀለም ቀቢው ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጉዳቱ ይታያል፤ የተጎዳው ላሜራው ብቻ ነው ወይስ ሻንሲውም ተጣሟል? ከዚያ የሚፈታው ይፈታል። የጎበጠው ላሜራ ከኋላው ብረት እየተደገፈ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይቃናል። የተቀደደው ይበየዳል፣ በዝገት የተበላው ተቆርጦ ይለወጣል። ከዚያ ስቱኮ ይለቀለቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ፍግፈጋ። ዝገት መከላከያው ይቀባል፣ ቀለሙ ከመኪናው ቀለም ጋር እስኪመሳሰል ይቀየጣል፣ በኮምፕረሰር ይረጫል፣ መጨረሻ ላይ ይወለወላል።

“ይህ ጉልበት ላለው ወንድ ነው” የሚሉ አሉ። ጉልበት የሚፈልግ ቦታ እንዳለው አልክድም። ከባድ ዕቃ ግን ወንዶቹም በጃክና በሰንሰለት ነው የሚያነሱት። አንድ ነባር ባለሙያ እንዳስረዱኝ፣ ጥሩውን ሠራተኛ ከመጥፎው የሚለየው የመዶሻው ክብደት ሳይሆን መዳፉ ነው። ዓይን ያላየውን ጉብታ መዳፍ ሲዳብሰው ያገኘዋል። ቀለም መቀየጥ ደግሞ ዓይንና ትዕግሥት ነው። ሁለቱም በልምድ የሚገኙ ናቸው፤ ከወንድነት ጋር አይወለዱም።

በናይጄሪያ ሳንድራ አጉዌቦር የምትባል ሴት መካኒክ ሌጎስ ውስጥ የራሷን ጋራዥ ከፍታ፣ ቀጥላም ሴቶችን በመካኒክነት የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቁማለች። በዚያ የሠለጠኑት ብዙዎቹ ችግር የጠናባቸው ወጣት ሴቶች ናቸው። ሌጎስ ላይ የሆነ ነገር ሶዶ ላይ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥራ ይገኛል ወይ?

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከሻሸመኔ በቦዲቲ፣ ከሆሳዕና በአረካ፣ ከአርባ ምንጭ በሁምቦ፣ ከዳውሮም በኩል የሚመጣው መኪና እዚሁ ይገናኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከተማችን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ የመሥሪያ ቤት መኪናውም፣ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም መጨመሩን መንገድ የምታቋርጡ ሁሉ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪና መወደድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። ስለዚህ ባለመኪናው የተጋጨበትን ጥሎ ሌላ አይገዛም፤ ያሳድሰዋል። ሦስተኛው ምክንያት መድን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ሙሉ መድን የገቡም አሉ። አደጋ ሲደርስ የጥገናውን ዋጋ የሚከፍለው የመድን ድርጅት ሊሆን ይችላል። የመድን ሥራ የሚያገኘው ግን ፕሮፎርማ ማዘጋጀትና ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥ የሚችል ጋራዥ ነው። የሂሳብ ሰው ነኝና ይህን ማለፍ አልቻልኩም፦ ላሜራ ማቃናት የምታውቅ፣ ዋጋ አስልታ በወረቀት ማቅረብም የምትችል ልጅ ከሌላው አንድ ደረጃ ትቀድማለች። ይህን ሁለተኛውን እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ አስተምራለሁ።

“የኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ ጋራዥ ሁሉ ይዘጋል” የሚሉም አጋጥመውኛል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ እውነት ነው። የሞተር መካኒኩ ይህን ሊያስብበት ይገባል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን እሱም ይጋጫል፤ በሩም ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይጫራል። የሚጨመረው ጥንቃቄ ነው፤ ከፍተኛ ኃይል ያለው ባትሪ ያለበት መኪና የኤሌክትሪክ መስመሩ በሚያውቅ ሰው ሳይቋረጥ አይበየድም፣ አይቆረጥም። ይህንንም ልጆቻችን ከጅምሩ መማር አለባቸው።

ስለ ስድቡ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር

በወላይታ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ስንንቅ ኖረናል። ማረሻችን የተሠራው በቀጥቃጩ እጅ ነው፤ ወጣችን የተሠራው በሸክላ ሠሪዋ ድስት ነው። እነሱን ግን በጋብቻም፣ በማዕድም፣ በመቃብርም ስንለይ ኖርን። ይህ ንቀት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ካመለከቱት እናቶች አንዷ “ዘመድ ልጅሽን ቀጥቃጭ ልታደርጊያት ነው ወይ ይለኛል” ብላኛለች።

መልሴ አጭር ነው። ዘመድ ወር ሲያልቅ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ማኅበራችን ውስጥ ከእነዚያ ቤተሰቦች የተወለዱ እህቶች አሉ፤ አብረን እንቆጥባለን፣ አብረን ቡና እንጠጣለን። ሙያን የሚሰድብ ንግግር በስብሰባችን ቦታ እንዳይኖረው አደራ እላለሁ።

ችግሩ ያለው አገባቡ ላይ ነው

እስከ አሁን ስለ ሙያው ጥሩ ጥሩውን ነገርኳችሁ። አሁን ሆድ ወደሚያስብሰው ልግባ።

ጋራዥ ውስጥ ልጅ የሚገባው በአብዛኛው በቃል ነው። አባት ወይም አጎት ልጁን ይዞ ይሄድና “ሙያ አስይዝልኝ” ይላል፤ ባለጋራዡም “ይምጣ” ይላል፤ አለቀ። ምን ያህል ጊዜ? አይባልም። ምን ምን ይማራል? አይባልም። ይከፈለዋል ወይ? “እንተያያለን።” ታናሽ ወንድሜ በዚህ መንገድ ነው የገባው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ አንድ እሱ ብቻ አይደለምና። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ገባ፣ ማታ ከሁሉ በኋላ ወጣ። ግቢ ጠረገ፣ ሻይ አመላለሰ፣ ስቱኮ ፈገፈገ። ቀለም መርጫውን ግን ሦስተኛው ዓመት እስኪያልቅ አልነካም። የሚሰጠው የምሳ ብቻ ነበር። በአራተኛው ዓመት ከባለጋራዡ ዘመድ ጋር ተጣላና “ነገ እንዳትመጣ” ተባለ። በእጁ ሙያ ነበረው፤ ሙያውን የሚመሰክርለት አንድ ወረቀት ግን አልነበረውም። ሌላ ከተማ ሄዶ እንደ አዲስ ገቢ ከታች ጀመረ።

ይህ በወንድ ልጅ ላይ የደረሰ ነው። በቃል የገባች ሴት ልጅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሊያጋጥማት ይችላል፤ መጥረጊያና ቡና ማፍላት የእሷ ድርሻ ተደርጎ ይቀራል። “ገብታ ትማራለች” ብለን የላክናት ልጅ ያለ ደመወዝ የቤት ሠራተኛ ሆና እንዳትቀር እፈራለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ጉዳይ አልዘነጋውም። ዋና ዋናውን በቀላል አማርኛ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜዋ 15 ዓመት ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም አይፈቀድባትም።

ሁለተኛ፣ ሙያ ለመልመድ የሚደረግ ውል በሕጉ የታወቀ የውል ዓይነት ነው፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉም ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሥራውን ሁኔታ። አሠሪው ተለማማጇን ከሙያው ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ ማሰማራት አይችልም።

ሦስተኛ፣ ልምምዱ ሲያበቃ ምን ሙያ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠለጠነች የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ወንድሜ ያጣው ይህን ነው።

አራተኛ፣ ጾታዊ ትንኮሳ በአዋጁ ተከልክሏል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አለባት።

ከዚህ ሌላ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኩል ያለው መንገድ አለ። የአገራችን የሙያ ሥልጠና ሥርዓት የጀርመንን ልምድ ተመልክቶ የተቀረጸ ነው፤ “የትብብር ሥልጠና” ይባላል። ሠልጣኟ ንድፈ ሐሳቡን በኮሌጅ፣ አብዛኛውን ተግባር ደግሞ በድርጅት ትማራለች፤ የታቀደውም 70 በመቶው በሥራ ቦታ እንዲሆን ነው። ጀርመን አገር የመኪና አካል ጥገና ልምምድ ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል፤ ተለማማጁም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ውልና ክፍያ አለው። በእኛም አገር ጋራዥ ውስጥ በልምድ የተማረች ልጅ ለሙያ ብቃት ምዘና መቅረብ ትችላለች። “ሲኦሲ” የምንለው ማለት ነው። ምዘናውን ካለፈች የትም ከተማ ብትሄድ ወረቀቷ ይናገርላታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ

ለኮሚቴው ያቀረብኩትን ስሌት ላካፍላችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ግምቶች ናቸው፤ እንደ ልጅቷ ሰፈርና እንደ ገበያው ይለያያሉ።

ትራንስፖርት በቀን 40 ብር፣ ምሳ 80 ብር፤ በድምሩ 120 ብር። በወር 26 የሥራ ቀን ቢሆን 3,120 ብር፤ በዓመት 37,440 ብር። የሥራ ልብስ፣ ጫማ፣ መነጽር፣ ጓንትና ማስክ ከነማጣሪያ ቅያሪው 9,000 ብር። ምዘናና ተያያዥ ወጪ 3,000 ብር። ጠቅላላ 49,440 ብር።

ይህን በተለመደው የንግድ ብድራችን ብንሰጥ፣ ክፍያው ከሚቀጥለው ወር ይጀምርና በ12 ወር ሲካፈል ወለዱን ሳንቆጥር በወር 4,120 ብር ይሆናል። ሽንኩርት የገዛች ሴት ሸጣ ትከፍላለች። ልጇን ጋራዥ የላከች እናት ግን በዚያ ዓመት ከብድሩ አንድ ብር አታተርፍም። ከሌላው ንግዷ እየቆነጠረች ትከፍላለች፤ በአምስተኛው ወር ሲከብዳት ልጅቷን “ነይ ተይው፣ ገበያ አግዢኝ” ትላታለች። ብድሩም ሥልጠናውም ይበላሻል። ስለዚህ ይህን በንግድ ብድር ማስተናገድ አንችልም።

ሌላ አከፋፈል ግን አለ። ባለጋራዡ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምንም ባይከፍል ይሁን፤ እውነቱን እንናገር፣ ጀማሪ ቀለምና ስቱኮ ታባክናለች፣ የባለሙያውንም ጊዜ ትወስዳለች። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ግን ፍግፈጋውን እሷ ስትይዝለት ነባሩ ሠራተኛ ወደ ሌላ መኪና ይሄዳል፤ ጋራዡ ማትረፍ ይጀምራል። ከዚያ ጀምሮ በወር 1,500 ብር ቢከፍላት በዘጠኝ ወር 13,500 ብር ይሆናል። ከጠቅላላው ሲቀነስ 35,940 ብር ይቀራል። ግማሹን፣ 17,970 ብር፣ ማኅበሩ ከማኅበራዊ ፈንዱና ከለጋሾች ድጋፍ ይሸፍን። ሌላውን ግማሽ ቤተሰቡ ይበደር፤ መክፈል ግን የሚጀምረው ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ይሁን። ያኔ በወር 1,500 ብር ገደማ ነው፤ ሥራ የያዘች ልጅ ትችለዋለች።

ባለጋራዦች አንድ ስጋት አላቸው፤ “ካስተማርኳት በኋላ ጥላኝ ትሄዳለች” ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ታዲያ ይህም በውሉ ይጻፍ፦ ሥልጠናው ሲያልቅ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ስድስት ወር፣ በተስማሙበት ደመወዝ እዚያው ትሥራ። ውል የሚጠቅመው ልጅቷን ብቻ አይደለም።

ማስክ ጌጥ አይደለም

በየጋራዡ ስዞር በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ቀለም የሚረጩ ወጣቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍነው አየሁ፤ አንዳንዱ ያንንም አላደረገም። ዛሬ ብዙዎቹ የመኪና ቀለሞች ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅለው ነው የሚረጩት። በማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ አስም ያመጣል። አስሙ አንዴ ከያዘ በኋላ በጣም ጥቂቱ ሽታ እንኳ ያስነሳዋል፤ ያ ሰው ሙያውን ለመተው ይገደዳል። ጨርቅም ሆነ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ማስክ ትነቱን አያቆመውም። አቧራ መከላከያና ጋዝ መከላከያ የተለያዩ ናቸው፤ ለፍግፈጋው የአቧራ ማስክ፣ ለርጭቱ ደግሞ ቢያንስ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም በጊዜው ይቀየራል። ርጭቱ የሚሠራበት ቦታም አየር የሚወጣበት መሆን አለበት። የቲነር ትነት ለነፍሰ ጡር አይሆንም። እጅን በቲነር መታጠብም ይቅር፤ በቆዳ በኩል ይገባል።

ሌላው ጥበቃ ደግሞ ከሰው ነው። ልጆቻችንን ለየብቻ በትነን አንልካቸው፤ አንድ ጋራዥ ሁለት ልጅ ይያዝ። ከውስጥ የሚቆለፍ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ የሌለው ጋራዥ አይመረጥ። ከምሽቱ በፊት ይውጡ። በየሁለት ሳምንቱም አንዲት የኮሚቴ አባል ሳትጠራ ትሂድና ትይ፤ ከልጆቹም ጋር ለብቻቸው ታውራ።

የምጠይቃችሁ

እንግዲህ ጉባኤው እንዲወስንልኝ የማቀርበው ይህ ነው።

1. ለሦስቱ አመልካቾች የንግድ ብድር ሳይሆን የሥልጠና ብድር በተለየ ደንብ ይፈቀድ፤ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ ይኑረው።

2. ውሉ በሦስት ወገን ይፈረም፦ ባለጋራዡ፣ ልጅቷ ከወላጇ ጋር፣ ማኅበሩ። ውሉም በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይታይልን።

3. በውሉ ላይ በየሦስት ወሩ የምትማረው ይዘርዘር፤ ቀለም መርጫውን የምትይዝበት ወር ሳይቀር ይጻፍ።

4. ልጅቷ የዕለት ማስታወሻ ትያዝ፦ ዛሬ ምን መኪና፣ ምን ሥራ፣ በማን መሪነት። ለምዘናም፣ ለክርክርም ማስረጃ ይሆናታል።

5. ዓመቱ ሲያልቅ ለሙያ ብቃት ምዘና ትቅረብ፤ የሚጎድላት ካለ ሥልጠናው በኮሌጅ በኩል ይቀጥል።

ለጋሽ ወዳጆቻችን፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። የሦስት ሳምንት ሥልጠና ሰጥተን፣ ሰርተፍኬት አድለን፣ ፎቶ ተነስተን ሪፖርት ብንልክላችሁ ቁጥሩ ያምራል። ላሜራ ግን በሦስት ሳምንት አይቃናም። ሠላሳ ሴት ለሃያ ቀን ከምታሠለጥኑ ሦስት ልጆችን ለአንድ ዓመት ደግፉልን። ገንዘቡንም ለማስክ ማጣሪያ፣ ለትራንስፖርት፣ ለምዘና ክፍያ አድርጉት። ደረሰኙን እኔ አቀርባለሁ፤ በየሦስት ወሩ።

እናቶቼ፣ ለጊፋታ ቅቤ ከመስቀል ማግስት ጀምራችሁ በማንኪያ ስታጠራቅሙ አይቻለሁ። ዓመት ሙሉ ጠብቆ አንድ ነገር ላይ መድረስ ለእናንተ አዲስ አይደለም። የሙያ ትምህርትም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው በማን እጅ እንደተቀመጠ በወረቀት መታወቅ ያለበት መሆኑ ነው።

የውሉ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነው፤ በአማርኛና በወላይትኛ ተዘጋጅቶ ለየቡድኑ ሰብሳቢ ተሰጥቷል። ማንበብ ለማይችሉ እህቶች በየቡድኑ ይነበብላቸው። እርማታችሁን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱልኝ፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።